ሬዲዮ መጽሐፍ ያነበበበት ወር

ጸጉር አስተካካያችንን ሰፈሩ በሙሉ "ሬዲዮ" ነው የሚለው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ምክንያቱን ግን አንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት የሱቁን በር ሲከፍት አፉም አብሮ ይከፈታል። ማታ በሩን ይቆልፋል፤ አፉን ግን እንደተከፈተ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰው የተናገረውን፣ ሰው ሊናገር ያሰበውን፣ ማንም ያልተናገረውንም ጭምር ከመቀሱ እኩል ያስኬደዋል። ጨዋታው ሳያልቅ ጸጉርህ ካለቀ፣ የጀመረውን ለመጨረስ ሲል ብቻ ጢምህን ደርቦ ይላጭሃል።

አመሉ ከየት እንደመጣበት ራሱ ነው የነገረኝ። ሌላ ማን ሊነግረኝ! ያሳደገችው አክስቱ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። ልጅ ሆኖ "ራበኝ" ለማለት ሦስት ጊዜ መጮህ ነበረበት፤ አራተኛው ላይ "ምን ያስጮህሃል፣ አልደነቆርኩ!" ትለዋለች። አክስቲቱ ካረፈች ሃያ ዓመት አልፏል። እሱ ግን ያኔ የከፈተውን ድምፅ መቀነሻው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላገኘውም።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት አራሚ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ የሰው ስህተት ሳድን ኖሬያለሁ። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። የሱቁን ማስታወቂያ አይቼ ገባሁና "ወንድሜ፣ በፀሐዩ ፀ ነው ያስጻፍከው፤ ጸጉር በጸሎቱ ጸ ነው" አልኩት። "ጋሼ" አለኝ፣ "እኔ የምቆርጠው ጸጉሩን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ይቀመጡ።" ተቀመጥኩ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሌላ ቤት ተቆርጬ አላውቅም።

ታዲያ በቅርቡ ድምፁ ጠፋ። መጀመሪያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ግማሹ ቃል ይወጣል፣ ግማሹ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሚስቱ የውሃ ቢሮ ስልክ ተቀባይ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ የከተማው ደረቅ ቧንቧ ሁሉ በጆሮዋ ይጮህባታል። ቤቷ ስትገባ የምትፈልገው ዝምታ ብቻ ነበር፤ ያገባችው ግን ሬዲዮን ነው።

"በቀን ስንት ሰዓት ያወራሉ?" አለችው ሐኪሟ፣ ጉሮሮውን በትንሽ መስታወት ካየች በኋላ።

ሚስቱ ቀደመች። "ሲተኛ ይቀንሳል።"

"የድምፅዎ አውታር አብጧል" አለች ሐኪሟ። "መድኃኒቱ ዝምታ ነው። ሠላሳ ቀን፣ አንድ ቃል ሳይወጣዎት።"

"በሹክሹክታስ?" አለ በሹክሹክታ።

"እሱ ይብሳል።"

"ብቻዬን ስሆንስ?"

"ብቻዎንም።"

"ዶክተር" አለች ሚስቱ፣ "ስድሳ ብናደርገው ጉዳት አለው?"

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት፤ ስትነግረኝ ፊቷ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

ሬዲዮ የልጆች ሰሌዳና አንድ ፓኮ ጠመኔ ገዝቶ ሥራ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለሁላችንም መከራ ነበሩ። ሱቁ ውስጥ የመቀስ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ሰው የሚያውቀው ሰው የሞተበት ይመስለው ጀመር። አንዱ ደንበኛ ገብቶ "ምነው፣ ማን ነው ያረፈው?" ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ባልደረባው "ድንጋዩ" ነው የሚባለው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሲሠራ "ቀጣይ" ከሚለው ቃል በስተቀር ሲናገር የሰማው የለም። ሰሌዳውም አልበጀም። ሬዲዮ አንዱን ወሬ ጽፎ እስኪጨርስ የደንበኛው ጸጉር መልሶ የሚያድግ ይመስል ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ቤት መጣ። አራቱም ግድግዳዬ መጽሐፍ ነው። ዙሪያውን አየና ሰሌዳው ላይ "አሰልቺ ያልሆነ ይስጡኝ" ብሎ ጻፈ።

"ለመጨረሻ ጊዜ መጽሐፍ ያነበብከው መቼ ነው?"

አሰበ። "ፈተና ነበረው" ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት የኔ ነው፤ አልክድም። ሰው ምን ይወዳል ሳይሆን እኔ በምን እኮራለሁ ብዬ አሰብኩ። ያረምኳቸው ሁሉ ቁንጮ የምለውን፣ በክብደቱ በር ማቆሚያ የሚሆን አንድ የታሪክ ልቦለድ አነሳሁና ሰጠሁት። ሰባት ትውልድ ነው። ዋናው ሰው የሚወለደው ገጽ አንድ መቶ አራት ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ብቻውን መጣ፤ ሚስቱ ይዛው። "ገጽ 61 ደረስኩ። እስካሁን አያቶች ብቻ ናቸው። ሰውየው ካልመጣ እኔም አልቆይም" ይላል።

"መጽሐፉስ?" አልኳት።

"ወጥ ቤት ነው" አለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። "እኔ... ትንሽ እያየሁት ነው።"

ሁለተኛውን የመረጠው ራሱ ነው። ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። በሠላሳ ቀን አዲስ ሰው እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። "ዶክተሯም ሠላሳ ነው ያለችው፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ" ብሎ ጻፈ። ችግሩ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ትእዛዝ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ "እኔ እችላለሁ!" ብሎ ሦስት ጊዜ መጮህ ነው። ሬዲዮ መጮህ አይችልም። ሚስቱ እንደምትለው፣ ጠዋት ከመታጠቢያ ክፍል ሳይወጣ ሲቆይባት በሩን ከፈተች። ባሏ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ይዞ መስታወቱን አፍጥጦ ያያል። "እኔ እችላለሁ" የሚለው ጽሑፍ በመስታወቱ ውስጥ ተገልብጦ ስለታየው፣ ገልብጦ ለመጻፍ እየታገለ ነው። ስድስት ቀን ሞከረ። በሰባተኛው ቀን መጽሐፉ የሚንገዳገደው የሱቁ ወንበር እግር ሥር ገባ፤ እዚያ በእርግጥም ለውጥ አምጥቷል።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። በጫካ የሚኖር ሽፍታ ታሪክ ነው። ወረቀቱ የተልፈሰፈሰ፣ ሕትመቱ ያደፈ፤ በሙያዬ አፍሬበት ከመደርደሪያው ጀርባ የደበቅኩት። ሬዲዮ ቆሞ አነበበው። ተቀምጦ አነበበው። በግራ እጁ መጽሐፍ፣ በቀኝ እጁ ማበጠሪያ ይዞ አነበበው። አንድ ደንበኛ በአንድ በኩል ብቻ ጆሮ ግንዱ ተላጭቶ ሩብ ሰዓት ጠብቆ በመጨረሻ "ሽፍታው አመለጠ ወይስ እኔ ላምልጥ?" አለ።

ዘበኛው የገባው ያን ቀን ከሰዓት ነው። የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ ድምፁ እንደ ከበሮ። ሬዲዮ መጽሐፉን ገልብጦ አስቀመጠና አንገቱን በአረፋ ቀባው። ምላጩን ሲያሳርፍ ከማጅራቱ በታች ቀያይ ነጠብጣብ አየ። ሰው መቼም የራሱን ማጅራት አያይም። ሊያስጠነቅቀው ፈለገና ሰሌዳውን አንስቶ ጻፈ፤ ከዘበኛው ፊት ዘረጋለት።

"ከኋላህ ሽፍታ አለ።"

ዘበኛው አንድ ጊዜ አነበበ። ሁለተኛ አልደገመም። ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ፣ ነጭ ጨርቁ እንደ ክንፍ እየተርገበገበ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ መንገዱን ተሻገረ። ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሁለቱም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሉት። ሬዲዮ በሩ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል፤ ያው ጽሑፍ ነው ያለበት፤ ያየው ሁሉ ሩጫ ይጨምራል።

ያን ጊዜ ከሱቁ ውስጥ ማንም የማያውቀው አንድ ወፍራም፣ የሞቀ ድምፅ ወጣ።

"የቆዳ ነው! ተመለስ! የቆዳ ሽፍታ ነው!"

ድንጋዩ ነበር።

ሰው የሳቀው በዘበኛው ይሁን በድንጋዩ እስከ ዛሬ አልተለየም። ዘበኛው ተመልሶ ተቀመጠ። "መሮጤ አይደለም" አለ፣ "መንገዱን ላጣራ ነው የወጣሁት።" ድንጋዩም "አዎ፣ እስከ ማዶው ዳቦ ቤት ድረስ ንጹሕ ነው" አለው። ሱቁ ሌላ ዙር ሳቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድንጋዩ ያወራ ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ ሰውን አፍ እያስከፈተ። ለካ ያ ሁሉ ዓመት የሰማውን አንዱንም አልጣለም። ወደ ጎን ወስጄ ጠየቅኩት።

"ለመሆኑ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?"

"ጋሼ" አለኝ መቀሱን እየጠረገ፣ "አሥራ አንድ ዓመት ተራ ስጠብቅ ነበር።"

ሬዲዮ ይህን ሰምቷል፤ ጀርባውን ሰጥቶ መጥረጊያ ይዞ ነበር። ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጠረገ።

በማግስቱ ሽፍታውን ጨርሶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። "እንዲህ ያለ ሌላ" ብሎ ጻፈ፤ ሥሩን ሁለቴ አሰመረበት። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ሽፍታውን የሚያስንቅ ብዬ አንድ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ሰጠሁት። አንድ ሀብታም በራሱ ሳሎን ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፤ ቤቱ ውስጥ ስምንት እንግዳ አለ። የረሳሁት ነገር፣ ያ ቅጂ ሳርም የሠራሁበት የራሴ ቅጂ መሆኑን ነው።

በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ፤ ተንኳኳ ማለት ይከብዳል፣ ተደበደበ። ሬዲዮ መጽሐፉን ገጽ አርባ ሦስት ላይ ገልጦ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። በኅዳጉ ላይ፣ በቀይ፣ በራሴ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ገዳዩ ሰዓት ሠሪው ከሆነ፣ እዚህ ላይ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሳለ መብራቱን ማን አጠፋው? ይጣራ።"

ከዚያ ሰሌዳውን አነሳ። "ሰአት ሰሪው!!!" ብሎ ጽፏል።

እግዜር ያሳያችሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደ አፍ ነው። "ሰዓት በዐይኑ ዐ ነው" አልኩት። "ሠሪም በንጉሡ ሠ።"

ሰው ዝም ብሎ ይህን ያህል ሊጮህ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ደረቱ ተነፋ፤ ጆሮው ቀላ። በእጅጌው ጠረገ፣ ጻፈ፤ ጠረገ፣ ጻፈ። "ስምንት ሰው ጠርጥሬ ነበር።" ጠረገ። "ደረጃ አውጥቼላቸው ነበር።" ጠረገ። "ሰአት ሰሪውን ወድጄው ነበር!" ጠመኔው ተሰበረ። በቀረችው ቁራጭ አንድ የመጨረሻ ነገር ሊጽፍ ሞከረ፣ ቦታ አልበቃውም፣ ተወው። ሲወጣ በሩን በጥንቃቄ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው። በኃይል ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም፤ ማለቴ፣ እኔ አልተናገርኩም፣ እሱም አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሚስቱ ናት፤ የሥራ ድምፅዋን አውጥታ።

"ጋሼ፣ ቅሬታ ደርሶናል።"

"እኔም ቅሬታ አለኝ" አልኩ። "ቤቴ መጥቶ..."

"ቅሬታዎ ተመዝግቧል። አሁን ያዳምጡኝ። ሰውየው የሚያነበው አጥቶ ከኔ መጽሐፍ ላይ አንገቱን አስግጎ ያነባል። እኔ ገጽ ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ ነኝ፤ ሦስተኛዋ ልጅ ልታገባ ነው። እሱ 'ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?' እያለ ይጽፍብኛል። ሌላ መጽሐፍ በአስቸኳይ ይላኩ።"

ስለዚህ ሚስቲቱ፣ ባሏ ጥሎት የሄደውን የአያቶች መጽሐፍ ይዛ ግማሹን አልፋለች። ደግሞም ዝም ብላ አላነበበችውም። እራት ላይ ትተርክለታለች። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን መሬቱን እንደቀማ፣ የትኛዋ ምራት ከየትኛዋ እንደምትሻል። አንዳንዴ ታሪኩን ትታ የቢሮዋን ታነሳለች፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ደውለው ውሃ መምጣቱን ለማመስገን ብቻ የሚናገሩ አንድ ባልቴት እንዳሉ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሳይደውሉ ሲቀሩ ሥራ ፈትታ ስልኩን ስታይ እንደዋለች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ይህን ሴትዮ ሰምቶ አያውቅም። ሰሌዳው ላይ "ከዚያስ? ደወሉ?" ብሎ ጻፈላት። "ረቡዕ ደወሉ" አለችው፤ "ለካ ቀኑ ጠፍቶባቸው ነው።" ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ የስልክ ተቀባይ ድምፅ አልነበረም።

ለይቅርታ አንድ የግጥም መጽሐፍ በፌስታል አድርጌ ላክሁ። ስቸኩል የንብ እርባታ መጽሐፍም አብሮ ገብቷል፤ መንታ መልክ ነበራቸው፣ ሁለቱም ቢጫ።

ግጥሙን በጥርጣሬ ጀመረው። አሥራ አራት ግጥም አንብቦ "ይሄ ሰውዬ ምን ሆንኩ ነው የሚለው?" ብሎ ለድንጋዩ ጻፈለት። ድንጋዩ ትከሻውን ነቀነቀ። አሥራ አምስተኛዋ ስምንት መስመር ብቻ ናት። ትልቅ ሰው የሆነ ልጅ ወደ ድሮ ቤቱ ይመለስና በሩ ላይ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ይጣራል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል፣ የሚጠራት ብቻ የለችም። ሬዲዮ ደንበኛ እያለው ተቀመጠ። ግጥሟን መልሶ መልሶ ሲያነብ ከማዶ ወንበር ሆኜ አየሁት። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ በደንብ ከፈተው፤ ሊጣራ እንደሆነ ገባኝ። ድንጋዩ እጁን ትከሻው ላይ አኖረ። ሬዲዮ አፉን ዘጋና መሐረብ ፈለገ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ በመስታወት አይቶት ደነገጠ።

"ምነው ያለቅሳል? ምን ያህል ቆርጦኛል?"

የተረፈውን ግጥም አላነበበውም። "በቃኝ፣ አንዷ ትበቃለች" ብሎ ጻፈ። የንቡን መጽሐፍ ግን፣ እኔ በስህተት የላክሁትን፣ ከዳር እስከ ዳር በላው። ከዚያ በኋላ ሱቁ የገባ ሁሉ ስለ ንብ ሳይማር አይወጣም። ሰሌዳው ላይ ሥዕል ጨመረበት። "ወንዶቹ ንቦች ምንም አይሠሩም፤ ብርድ ሲመጣ ሴቶቹ ያባርሯቸዋል" የሚለውን ጽፎ ግድግዳ ላይ አንጠለጠለው። አንዲት ሴት ልጇን ልታስቆርጥ መጥታ አነበበችውና "ይህን ለባሌ ገልብጬ ልውሰደው?" አለች።

ሠላሳ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሐኪሟ ጉሮሮውን አየች፤ እብጠቱ ጠፍቷል። "በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ" አለችው፤ "ለሁለት ወር። ቀስ ብለው። እስኪ አሁን አንድ ነገር ይበሉ።"

ሬዲዮ ወር ሙሉ ያጠራቀመው ነበር። ተዘጋጀ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሦስት ገጽ ቀርቷታል።

"እሺ፣ የኔ..." አለ፤ ቀጭን፣ አዲስ፣ ጠዋት የተወለደ የሚመስል ድምፅ።

"እሽሽ!" አለች ቀና ሳትል። "አንዴ ጠብቀኝ።"

ሚስቱ አንብባ እስክትጨርስ ሐኪሟ ሳቀች። እሱም ጠበቃት።

ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጣ። ከግማሽ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ለሚስቱ፣ አሥሩን ለሱቁ፣ አሥሩን ለኔ መድቦታል። ሰዓቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ስድስት መጽሐፍ ነው" አለ፣ በዚያች በቀጠነች ድምፅ። "ሽፍታውንና ንቡን ጨረስኩ። አያቶቹን ሚስቴ ጨረሰችልኝ፤ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃቸዋለች። ተራራ ላይ ያለው ወንበር ሥር ነው። ከግጥሙ አንዷን ወሰድኩ። አንዱን እርስዎ ገደሉብኝ።"

"ታዲያ ወሩ ከሰረ ትላለህ?"

አሰበ። ድሮ ሳያስብ ነበር የሚመልሰው። "የማይጥም መጽሐፍ እንደማይጥም ደንበኛ ነው" አለ፤ "አንዱ አልተመቸኝም ብሎ ሰው ሱቅ አይዘጋም። ሰዓት ሠሪውን ግን ይቅር አልልዎትም።"

"ሌላ ልስጥህ?"

"እርስዎ ያላነበቡትን።"

ዞሬ መደርደሪያዎቼን ሁሉ አየሁ። አንድም አጣሁ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ ማንበብ ስል፣ አርሜያለሁ። አንዱንም ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ልወቅ ብዬ ብቻ የገለጥኩበትን ቀን ላስታውስ ሞክሬ አልመጣልኝም። ይህን አልነገርኩትም፤ አሥር ደቂቃውም አልቋል።

በማግስቱ መጽሐፍ ቤት ሄጄ፣ ሻጯ ደስ ያላትን እንድትመርጥልኝ ጠየቅኩና አዲስ ልቦለድ ገዛሁ። እስክሪብቶዬን ቤት ትቼው ነው የወጣሁት። አሁን በተራ እናነበዋለን፤ ጠዋት እሱ ሱቁ ውስጥ፣ ከሰዓት እኔ ቤቴ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አልለየንም። መጀመሪያው ይጎተታል፤ መሃሉ ላይ ሊሻሻል ይችላል። ትናንት ገጽ ሰባ አራት ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ አጭር ሽበት አገኘሁ። እፍ ብዬ አራገፍኩና ንባቤን ቀጠልኩ።